ሁለት ጭራሮ የምትለቅም መበለት



ነቢዩ ኤልያስ በድርቅ ዘመን ወደ ሰራፕታ ከተማ በር በደረሰ ጊዜ የተቀበለው ሹም ወይም ካህን አልነበረም፤ እንጨት የምትለቅም አንዲት መበለት ነበረች (1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17)። ስለዚህች ሴት ስንሰብክ ሁላችንም ወደ ማድጋው ዱቄትና ወደ ማሰሮው ዘይት እንቸኩላለን፤ ተአምሩ እዚያ ነውና። ዳሩ ግን መጽሐፉ ከተአምሩ በፊት አንዲት ትንሽ ነገር ይነግረናል፤ ይኸውም ሴትዮዋ ልትለቅም የወጣችው ሁለት ጭራሮ ብቻ መሆኑን ነው። ዱቄቱ እፍኝ፥ ዘይቱ ጥቂት፥ እንጨቱ ሁለት። ዱቄቱና ዘይቱ ተባርከው አላለቁም፤ እንጨቱ እንዳላለቀ ግን አልተጻፈም። ስለሆነም ያቺ መበለት እነዚያን የድርቅ ወራት ሁሉ ማገዶ ፍለጋ ወደ ከተማው በር ስትመላለስ እንደ ከረመች ብናስብ ከንባቡ የራቅን አይመስለንም።

ይህን ንባብ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋዎች ለሚኖር ሰው ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በከላላ፥ በመካነ ሰላም ዙሪያ፥ በለጋምቦና በወግዲ መንገዶች ላይ ማለዳ የወጣ ሰው መበለቲቱን በዓይኑ ያያታል። ወገቧ ጎብጦ፥ ልጇን አስከትላ፥ ጭራሮ ተሸክማ ትመጣለች። ጭራሮም ባልተገኘበት ቦታ ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ በየግቢው አጥርና በየድንጋይ ካቡ ላይ እየደረቀ የምናየው እርሱ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል ኢየሩሳሌም በጠላት እንደምትከበብ ምልክት ይሆን ዘንድ እንጀራውን በረከሰ እሳት ላይ እንዲጋግር በታዘዘ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ እግዚአብሔርም ራርቶለት በከብት ኩበት እንዲጋግር ፈቀደለት (ሕዝቅኤል ምዕራፍ 4)። ለነቢዩ የከበባና የረሃብ ምልክት የነበረው እሳት ለእናቶቻችን የየዕለት ምድጃ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ስንል ኩበትን ለመናቅ አይደለም። ኩበት የእርሻው ሲሳይ ነበረና፥ እርሻው ተነጥቆ ምድጃው መብላቱ ያሳዝነናል ማለታችን ነው።

በዚህ ቁጥር ልንነጋገርበት የወደድነው ጉዳይ ከዚህ ምድጃ ይነሣል። ሊቃውንት ሙቀት አማቂ ብለው የሚጠሯቸው ጋዞች፥ በተለይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ፥ ምድርን እንደ ጋቢ የሸፈኑ ናቸው። ጋቢው ባይኖር ምድር ለሰው የማትኖርባት በረዶ በሆነች ነበር፤ ፈጣሪ በልኩ አልብሷታል። ሰው ግን ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በማቃጠል፥ ደን በመመንጠር፥ ከብት ያለ ልክ በማብዛት በጋቢው ላይ ጋቢ ደረበባት። የደጋው ገበሬ ይህን በመሣሪያ ባይለካውም በልግ ሲዘገይ ወይም ጨርሶ ሲቀር ያውቀዋል። እርግጥ ነው፥ የእያንዳንዱን ዓመት ድርቅ በዚህ ብቻ ማሳበብ ተገቢ አይደለም፤ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረሃብ ከሰማይ ዝናብ መጥፋት ያላነሰ የምድር ገዢዎች ዝምታ ውጤትም ነበርና።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት ከፈጣሪ ጋር ሰላም ያለው ሰው ከፍጥረትም ጋር ሰላም ሊኖረው እንደሚገባ አስተምረው ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» የተባለውን ሐዋርያዊ መልእክታቸውን በግንቦት 2007 ዓ.ም. ፈረሙ። የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከታችን የተቋቋመው በዚያው ዓመት በጥር ወር ስለሆነ፥ መልእክቱና ሀገረ ስብከቱ እኩያሞች ናቸው ልንል እንችላለን። ሀገረ ስብከቱ ግን ከእኩያው ጋር ገና በሚገባ አልተዋወቀም፤ ይህን የምንለው ራሳችንን ጨምረን ነው።

በየጉባኤው ይህን ነገር ባነሣን ቁጥር ከምእመናን አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፦ «እኛ ምን አጠፋን? ፋብሪካው የእነርሱ፥ አውሮፕላኑ የእነርሱ፥ ንስሐው ለምን የእኛ ይሆናል?» ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ልናድበሰብሰው አይገባም። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት እንደተገለጸው፥ በ2010 የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ በዓመት ከ2 ቶን በታች ሲሆን የአውሮፓ ኅብረት ሰው ድርሻ በአማካይ ከ10 ቶን በላይ፥ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ሰው ደግሞ ከ20 ቶን በላይ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ባለጸጎቹ አገሮች ለድሆቹ የሚከፍሉት የተፈጥሮ ዕዳ እንዳለባቸው በግልጽ ጽፈዋል፤ በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር እስካረፉበት ቀን ድረስም ከዚህ ቃል አልተመለሱም። እንግዲህ የከላላዋን መበለት ስለ ሌላው ሰው ኃጢአት ንስሐ ግቢ የሚላት ካህን ቢኖር ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያን አይደለም።

ነገር ግን ያው ሰነድ ሌላም ነገር ይነግረናል። በአገራችን ከሚወጣው ጋዝ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከእርሻ፥ ከከብትና ከደን መጥፋት ነው። ነገሩ እንደ ነበረ ቢቀጥል በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን የነበረው በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርስ ነበር። አገሪቱ በ2021 ባሻሻለችው ቃል ኪዳን በ2030 ይደርሳል ከተባለው ላይ 68.8 በመቶ ለመቀነስ ተስማምታለች፤ ከዚህም ውስጥ በራሷ አቅም የምትወጣው 14 በመቶ ያህሉን ሲሆን የቀረው በሌሎች እርዳታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እርዳታው ሲመጣ እናያለን። የከላላ ሴት ግን እርዳታውን ስትጠብቅ ጭሱ ዓይኗን ማጥፋቱን አያቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት የሚሞተውን ሰው ለ2020 ሲገምት ከ3 ሚሊዮን በላይ አድርሶታል። ሰማዩን የሚያሞቀው፥ የእናቲቱን ሳንባ የሚያከስለውና ማሳውን የሚያራቁተው እሳት አንድ እሳት ነው። ስለዚህ ምድጃውን ማረም የሰሜኑን ባለጠጋ ዕዳ መክፈል አይደለም፤ የራስን እናት ከጭስ ማውጣት ነው። ባለዕዳው ዕዳውን ይክፈል፤ ይህንንም አጥብቀን እንጠይቃለን።

ታዲያ ከላላን የመሰለች ትንሽ የደጋ ከተማ ጭሷን ልቀንስ ብትል ከየት ትጀምራለች? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሯል። ተቀምጦ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። እኛ ብዙውን ጊዜ ቆመን እንጀምራለን፤ ችግኝ ይዘን፥ ፎቶግራፍ ተነሥተን፥ ንግግር አድርገን እንበተናለን። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ እኛም ከሕዝቡ ጋር ደስ ብሎን ነበር፤ ግንቡን የሚያቆመው ግን የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ነው። የጸደቀውን በሚቀጥለው ግንቦት ተመልሶ የሚቆጥር ሰው በየቁምስናችን ስንት ነው?

እንቁጠር ካልን፥ በእንዲህ ያለች ከተማ ፋብሪካ የለም፤ መኪናውም ጥቂት ነው። ጥቂት የናፍጣ ወፍጮና ባጃጅ ይኖራል፤ እርሱን ለጊዜው እንለፈው። ዋናው ጭስ ያለው ከምጣዱ ሥር ነው። በአገራችን በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። እንግዲህ የከተማይቱ እቅድ ከማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን ከማድ ቤቱ ይጀምራል ማለት ነው።

ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ በአገራችን ባለሙያዎች ከተፈለሰፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን እንደሚያስቀር በፈተና ታይቷል። ታዲያ ለምን በሁሉም ቤት አልገባም? ይህን ጥያቄ ለሴቶች ያቀረበ ሰው በጣም የሚያስተምር መልስ ያገኛል። አንዳንዷ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው የለም ትላለች። ሌላዋ የተከራየሁት ቤት ስለሆነ ስለቅ ነቅዬ አልሄድም ትላለች። በውርጭ ወራት ክፍቱ እሳት ቤቱን እንደሚያሞቅና ጭሱም የሣር ጣሪያውን ከነቀዝ እንደሚጠብቅ የምትናገርም አለች፤ እርሷ አላዋቂ አይደለችም፤ ከብዙ ባለሙያ ይልቅ ቤቷን ታውቃለች። የሁሉም መልስ ሥሩ ግን አንድ ይመስለናል፦ ገንዘቡ በባል እጅ ነው። ባል ለበሬው ቀንበርና ለማረሻው ብረት አያመነታም፤ ለምድጃው ግን ከርሞ ይላል። እኛ ካህናትም በጋብቻ ትምህርት ላይ ስለ መታመንና ስለ መታገሥ እናስተምራለን፥ ስለ ምድጃ ግን ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ከእንግዲህ ወዲያ ለጋብቻ የሚዘጋጅ ወንድ ሁሉ ሚስቱ በምን ላይ እንደምትጋግር ይጠየቅ ብንል የሚስቅብን ይኖር ይሆናል፤ ይሳቅ።

ማገዶው በግማሽ ሲቀንስ የሚተርፈው ኩበት ወደ ማሳ ይመለሳል። በኩበቱ ውስጥ ያለውና አፈርን የሚያፋፋው ናይትሮጅን ሲቃጠል ይበናል፤ ገበሬውም የበነነውን መልሶ ከባሕር ማዶ በመርከብ በሚመጣ ማዳበሪያ ይገዛዋል፤ ያም ማዳበሪያ ሲመረት ጋዝ ያወጣል፥ መሬት ላይ ከተበተነ በኋላም ናይትረስ ኦክሳይድ ይለቃል። አንዱን ሀብት ሁለት ጊዜ መክፈል ይህ ነው። ባዮጋዝ ይህን ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታል ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2009 ገደማ ጀምሮ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች አገር አቀፍ ፕሮግራም ተካሂዷል፤ በብርዳማ ደጋ ግን እበቱ ቀስ ብሎ ስለሚብላላና እንጀራ ለመጋገርም ነበልባሉ ስለሚያንስ ለከላላ ዓይነት ቦታ ቀዳሚ ተስፋ ልናደርገው አንችልም።

የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት የከተማ ቤት ነገሩ ሌላ ነው። የአገራችን ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ስለሆነ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ጭስም ጋዝም የለውም ማለት ይቻላል። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የ5,150 ሜጋዋት የሕዳሴ ግድብም ለዚህ ተስፋ ይሰጣል። እዚህ ላይ የደቡብ ወሎ ምዕራብ ሰው ማወቅ የሚገባው ነገር አለ፦ የእነዚህ ደጋዎች ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከተራቆተ ተራራ በክረምት የሚታጠበው አፈር ጉዞው ወደ ግድቡ ነው። ስለዚህ የከላላ ገበሬ እርከን ሲሠራ በማያውቀው ከተማ ያለች እናት መብራት እንዳይጎድልባት ይጠብቃል፤ ለእርሱ ለራሱ ግን መስመሩ ገና ያልደረሰው ሊሆን ይችላል። ይህን አለመመጣጠን ለሚመለከተው ሁሉ ማሳሰብ የቤተ ክርስቲያንም ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ተራራው ትንሽ እንበል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ምድር ራሷ ሰንበት እንዳላት፥ በሰባተኛውም ዓመት እንደምታርፍ ተጽፏል። የእኛ ሰዎች ይህን ሥርዓት በሌላ ስም ያውቁት ነበር። በመንዝ የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋ፥ በጊዜው እየተከፈተ ይታጨድ ነበር፤ ሥርዓቱ የተናጋው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ነው። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የደንቆሮ ጫካም፥ ዛሬ በብሔራዊ ፓርክነት የሚጠበቀው፥ አስታውና ጅብራው፥ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው፥ ደጋው ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክር ቅሬታ ነው። የከላላ ስም ከለላ የሚለውን ቃል ስለሚያስታውሰን፥ ተራራን ከግጦሽ መከለል ለዚህች ከተማ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም።

ሆኖም መከለል ሰው ይጎዳል፤ ይህን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። አሥር በሬ ያለው ሰው ተራራው ሲዘጋ ድርቆሽ ይገዛል፤ ሁለት በግ ያላት መበለት ግን በጎቿን ትሸጣለች። እቅዱ የሚፈተነው በእርሷ ነው። የተከለለው ተራራ ሣር በበቀለ ጊዜ እያጨደች እንድትወስድ የመጀመሪያው ድርሻ ለእርሷ ካልተጻፈ፥ ጋዙ ይቀንስ ይሆናል፥ የናቡቴ የወይን ቦታ ግን በሌላ መልክ ተወሰደ ማለት ነው። ስለ ከብቱም እንዲሁ። የሚያመሰኳ ከብት የሚያወጣው ሚቴን በመቶ ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል፤ ከአገራችን ጋዝም ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በ2010 ከከብት የመጣ ነበር። ጥቂት ከብት በሚገባ አብልቶ ብዙ ወተት ማግኘት እንደሚሻል ለገበሬው መንገር ቀላል ነው፤ ለእርሱ ግን ከብቱ ባንኩ፥ ኢንሹራንሱና የልጁ ማጫ ስለሆነ መንገሩ ብቻ አያሳምነውም። በጾማችን ከሥጋና ከወተት መከልከላችንን እዚህ ላይ እንደ ድርሻችን የሚቆጥሩ አሉ። በጎ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን በሬው እስከ ፋሲካ በግቢው ቆሞ ካመሰኳ ጾሙ ለነፍሳችን እንጂ ለሰማዩ ብዙም አልጠቀመም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ቫቲካን በዓለም ትንሿ መንግሥት ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2008 በጳውሎስ 6ኛ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ወደ 2,400 የሚጠጉ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች አስተከለች፤ በ2024ም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ መላዋን ቫቲካን በፀሐይ ኃይል ለማብራት የሚያስችል ተቋም እንዲሠራ አዘዋል። እኛስ? በክብረ በዓል ቀን በግቢያችን ስንት ሸክም እንጨት እንደሚነድ ለማየት ወደ ኋላ በር መዞር ይበቃል። ከፊት ለፊት ስለ ፍጥረት እየሰበክን ከኋላ በሦስት ጉልቻ እናስጋግራለን፤ ባሕር ዛፉን ያለ ተተኪ ቆርጠን አጥር ያጠርንበትም ጊዜ አለ። ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ በቤቱ በገባ ዕለት ነበር፤ እኛ ጌታ በመንበረ ታቦታችን በየቀኑ እያለ አንድ እጥፍ እንኳ አልመለስንም።

በእነዚያ ደጋዎች ካቶሊካውያን ጥቂቶች ነን፤ ጎረቤቶቻችን እስላሞችና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኖች ናቸው። ጥቂትነታችን ግን ምክንያት አይሆንም። በ1977ቱ ረሃብ የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው እህል ባጓጓዙ ጊዜ የተራበውን ሃይማኖቱን አልጠየቁትም። ጥዱ፥ ወይራውና ኮሶው በዚህ አገር የተረፈው በአብዛኛው በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ውስጥ መሆኑን ሳናፍር እንመስክር፤ ከእነርሱም እንማር። የመስጊዱ ሽማግሌዎች የውኃ ምንጭ ሲጠብቁ ባየን ጊዜም አብረን አካፋ እናንሣ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምናቀርበው ልመና ይህ ነው። እስከ ጾመ ነቢያት መግቢያ ድረስ እያንዳንዳችሁ በምታስተምሩበት ቀበሌ አምስት ቤት ምረጡ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ባል የሞተባቸው እናቶች ይሁኑ። እናቲቱ ለአንድ ጊዜ ጋገራ የምታዘጋጀውን እንጨትና ኩበት በገበያ ሚዛን መዝኑ፤ ኪሎውንም በደብተር ጻፉ። እንጨቱን ከየት እንዳመጣችው፥ ስንት ሰዓት እንደ ሄደች፥ ልጅቷ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት መዋል አለመዋሏን አብራችሁ ጻፉ። ስም አያስፈልግም። ምርጥ ምድጃ ያለው ቤት ከተገኘ እርሱንም በተመሳሳይ መንገድ መዝኑ፤ ተሰንጥቆ ከተጣለም ለምን እንደ ተጣለ ጠይቁ። ደብተሩን ለቁምስናችሁ ካህን አስረክቡ፤ ካህኑም የራሱን ግቢ ማድ ቤት መዝኖ ከደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያስቀምጥ።